ጠብታዋን የሚጠብቅ ዓይን

 

ሰፈራችን ሰንጋ ተራ በስሙ የሚጠራው ሰንጋ ዛሬ የለም። በቦታው የባንክ ፎቆችና ኮንዶሚኒየሞች ቆመዋል። አንድ ጉርብትና ግን አልተለወጠም። በአንድ በኩል ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ በሌላ በኩል ደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታል ቅርባችን ናቸው። ስለዚህ ከሱብሒ ሶላት ስንመለስ መንገድ ላይ ፔርሙስና ምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ የሚያልፍ አስታማሚ ሳናይ የምንውልበት ቀን ጥቂት ነው። የዚህ ወር ጽሑፋችንም የተነሳው ከአንድ አስታማሚ ነው። አስታማሚው የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን ነበር።

ልጁ አንድ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ የካርቶን ሣጥን ታቅፎ መጣ። በሣጥኑ ውስጥ ከተሰበረ የእጅ ሚዛን የወጣ ስፕሪንግ፣ ሁለት ቁራጭ ሽቦ፣ አንድ የበር ደወልና ባትሪ አሉ። በስፕሪንጉ ጫፍ ውሃ የተሞላ ላስቲክ አንጠለጠለና ላስቲኩን በመርፌ ወጋው። ውሃው እየተንጠባጠበ ሲሄድ ላስቲኩ ቀለለ፤ ስፕሪንጉም ቀስ በቀስ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሁለቱ ሽቦዎች ተነካኩና ደወሉ ጮኸ። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ።

ይህን ለመሥራት ምን እንዳነሳሳው ስንጠይቀው አንገቱን ደፋ። አያቱ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ሌሊቱን የሚጠብቃቸው እርሱ ነበር። ግሉኮሱ ሊያልቅ ሲል ነርሷን እንዲጠራ ተነግሮታል፤ ነገር ግን እንቅልፍ ጣለው። ሲነቃ ከረጢቱ ባዶ ሆኗል፤ በቀጭኑ ቱቦ ውስጥም የአያቱ ደም ወደ ላይ ወጥቶ ቀልቷል። ነርሷ ደርሳ መርፌውን በሌላ ደም ሥር እስክትተክል ድረስ አያቱ ሦስት ጊዜ ተወጉ። ክፉ ነገር አልደረሰባቸውም፤ አልሐምዱሊላህ። የልጁ ልብ ግን አልረሳውም።

«ኡስታዝ፣ አያቴ ማክሰኞ ተመልሰው ይተኛሉ። ይህን ደወል አልጋቸው ላይ ልስቀልላቸው?» አለን።

አንባቢ ሆይ! እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉት ነበር? ከአፋችን መጀመሪያ የወጣው «ማሻአላህ» ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ግን ቀላል አልነበረም። «አይሆንም» ብንለው አንድ ትጉህ ልጅ ዳግመኛ ምንም ላይሠራ ይችላል። «እሺ» ብንለው ደግሞ የአንዲት አሮጊት ሌሊት በካርቶን ሣጥን ላይ ሊንጠለጠል ነው። «እስከ ቅዳሜ ጊዜ ስጠን፤ አብረን እንየው» አልነው።

ለመሆኑ ፈሳሽን በደም ሥር መስጠት እንዴት ተጀመረ? እ.ኤ.አ. በ1832 ኮሌራ ብሪታንያን ያጠቃ ነበር። ኮሌራ የሚገድለው በአመዛኙ የሰውነትን ውሃና ጨው በተቅማጥና በትውከት አሟጦ በማውጣት ነው። ከኤድንብራ አጠገብ ባለችው በሊዝ ከተማ ቶማስ ላታ የሚባል ሐኪም የወጣው ነገር ይመለስ ብሎ ጨው ያለበት ውሃ በታማሚ ደም ሥር መስጠት ጀመረ። የመጀመሪያዋ ታማሚ ተስፋዋ የተቆረጠ አሮጊት ነበረች። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሦስት ሊትር በላይ ፈሳሽ ሰጣት። የሰመጡት ዓይኖቿ ተመለሱ፤ የቀዘቀዘው ገላዋ ሞቀ። ላታም ድናለች ብሎ ለሌላ ሐኪም አደራ ሰጥቷት ሄደ። ትውከቱና ተቅማጡ ግን ተመልሶ መጣ፤ ፈሳሹ አልተደገመላትም፤ ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ሞተች። ላታ ራሱ ይህን ሳይደብቅ ጻፈው፤ ሕክምናው ቢደገምላት ኖሮ ትተርፍ እንደነበር ያምን ነበር። መሣሪያው ሠርቷል፤ የጎደለው ከአጠገቧ ሆኖ የሚከታተል ዓይን ነበር።

መርጫውስ ከየት መጣ? በአንደሉስ ከቁርጡባ አጠገብ የኖረውና እ.ኤ.አ. በ1013 አካባቢ የሞተው አቡልቃሲም አዝ-ዘህራዊ «አት-ተስሪፍ» የተባለ 30 ክፍል ያለው የሕክምና መጽሐፍ ጽፏል። የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀዶ ሕክምና ሲሆን ወደ 200 የሚጠጉ መሣሪያዎች ሥዕል ይዟል። ከነዚህ አንዱ መድኃኒት ወደ ፊኛ የሚገባበት ከብር ወይም ከዝሆን ጥርስ የሚሠራ መርጫ ነው። ውስጡ ክፍት ነው፤ ልኩ የሆነ ገፊ ዘንግ አለው፤ ዘንጉ ሲሳብ ፈሳሹን ይመጣል፣ ሲገፋ ይለቀዋል። ከእርሱ በፊትም ግሪኮች መርጫ መሰል ነገር ስለነበራቸው «ሁሉን የጀመርነው እኛ ነን» ማለት አይገባንም። አዝ-ዘህራዊ ያስተማረን ሌላ ነገር ነው። መሣሪያውን ሥሎ፣ ከምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚያዝ ዘርዝሮ፣ ሌላው ሐኪም እንዲሠራበት አስቀመጠው። በሕክምና ሥራው ያጋጠሙትን ጉዳቶችም ለጥንቃቄ ሲል ጽፏል። ውስጡ ክፍት በሆነ ቀጭን መርፌ መድኃኒትን ከቆዳ ሥር ማስገባት የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1844 ፍራንሲስ ሪንድ በደብሊን፣ በ1853 ደግሞ ፕራቫዝ በፈረንሳይና አሌክሳንደር ውድ በስኮትላንድ የየበኩላቸውን ድርሻ አዋጡ።

እንግዲህ ቅዳሜ ደረሰ። ከተማሪዎቹ ጋር የልጁን ደወል በጠረጴዛችን ላይ ሰቅለን ጥያቄ እንጠይቀው ጀመር።

በመጀመሪያ ግሉኮስ የምንለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ አየን። ከረጢቱ ከታማሚው ክንድ ከፍ ብሎ ስለሚሰቀል ፈሳሹ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ፍጥነቱን የምትወስነው ቱቦውን የምትጨብጠው ትንሽ መሽከርከሪያ ናት። ብዙ ጊዜ ለአዋቂ በሚውለው ቱቦ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ሐኪሙ 1 ሊትር በ8 ሰዓት ይግባ ብሎ ቢያዝ በሰዓት 125 ሚሊ ሊትር፣ በደቂቃም ወደ 42 ጠብታ ማለት ነው። ለሕፃናት የሚውለው ቱቦ ግን 60 ጠብታው ነው 1 ሚሊ ሊትር የሚሞላው። ሰዓት አይቶ ጠብታ መቁጠር የሚችል ሰው እንግዲህ ከሁሉ የቀደመው መቆጣጠሪያ ነው።

ቀጥለን ልጁን «ደወልህ የሚያውቀው ምንድን ነው?» አልነው። «ክብደት» አለ። «ሌላስ?» ዝም አለ።

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መርፌው ከደም ሥሩ ወጥቶ ፈሳሹ ከቆዳ ሥር ቢጠራቀምስ?» አለች። ክንዱ ያብጣል፤ ከረጢቱ ግን መቅለሉን አያቆምም፤ ደወሉም ጊዜው ሲደርስ ሁሉ ሰላም ይመስል ይጮኻል። ሌላው «ቱቦው በታማሚው ጎን ሥር ተጣጥፎ ቢዘጋስ?» አለ። ፈሳሹ ይቆማል፤ ከረጢቱ አይቀልም፤ ደወሉም እስኪነጋ ዝም ይላል። ሦስተኛው «መሽከርከሪያዋ ላልታ በ8 ሰዓት የሚገባው በአንድ ሰዓት ቢያልቅስ?» አለ። ደወሉ ይጮኻል፤ ነገር ግን ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ይህ ለልብና ለኩላሊት ታማሚ አደገኛ ነው። በየሆስፒታሉ ያሉት በኤሌክትሪክ የሚሠሩ የፈሳሽ መስጫ ማሽኖች ዋጋቸው የከበደው አንዱ ምክንያት መዘጋትንና በቱቦው የገባ አየርን ጭምር እንዲለዩ ሆነው ስለሚሠሩ ነው።

በመጨረሻ ሣጥኑን ሰኞ ዕለት ደግመን ሞከርነው። ስፕሪንጉ ሁለት ሌሊት ክብደት ተሸክሞ ስለተለጠጠ ውሃው አልቆ ሽቦዎቹ አልተነካኩም። ደወሉ ዝም አለ። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። «ዛሬ ሌሊት አያቴ ጋ ቢሆን ኖሮ እኔ ደወሉን አምኜ ተኝቼ ነበር» አለ። መልሱን ከእኛ ሳይጠብቅ ራሱ አገኘው።

ይሁንና ትምህርቱ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ልጁ የሚማረው ፍርሃትን ብቻ ነበር። ስለዚህ የአንዲት ትንሽ መርፌ ታሪክ ነገርነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቤንጃሚን ሩቢን የተባለ አሜሪካዊ የልብስ ስፌት መኪና መርፌ ወስዶ የክር ቀዳዳዋን ጫፍ ሞርዶ ከፈተውና ባለ ሁለት ሹል አደረጋት። በሁለቱ ሹሎች መካከል የምትያዘው ጠብታ ለአንድ ሰው የፈንጣጣ ክትባት በቂ ሆነች። 25 ሰው የሚከተብበት ብልቃጥ ለ100 ሰው በቃ። መርፌዋ ተቀቅላ እንደገና ታገለግላለች፤ አጠቃቀሙንም ሰው በጥቂት ጊዜ ይማረዋል፤ ክንድ ላይ 15 ጊዜ መወጋጋት ነው። የሩቢን ድርጅት ከዓለም ጤና ድርጅት ዘመቻ ሊያገኝ የሚችለውን የባለቤትነት ክፍያ ተወው።

ይህች መርፌ ወደ አገራችንም መጣች። የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻው በኢትዮጵያ በ1963 ዓ.ም. ተጀመረ። ከታቢዎች በእግር፣ በበቅሎ፣ ኋላም በሄሊኮፕተር ተራራና በረሃ አቋረጡ። የአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ በ1968 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በያኔው ባሌ ክፍለ ሀገር፣ ኤል ከሬ አካባቢ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ተገኘ። የዓለም የመጨረሻው በተፈጥሮ የተያዘ ታማሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 በሶማሊያ መርካ ከተማ ታይቶ ዳነ። ከተማሪዎቻችን አያቶች መካከል የዚያ ክትባት ጠባሳ ክንዳቸው ላይ ያለ ብዙዎች ናቸው። መርፌዋ ይህን ሁሉ ያደረገችው የረቀቀች ስለሆነች አይደለም። ክትባት ባነሰበት፣ መብራት በሌለበትና የሠለጠነ ሰው በጠፋበት ቦታ እንድትሠራ ሆና ስለታሰበች፣ ወደ ሰው ክንድ ከመድረሷ በፊትም ስለተፈተነች ነው።

ዛሬ ለክትባት የምናየው ስሪንጅም እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ ከተገፋ በኋላ ዘንጉ ይቆለፋል፤ ደግሞ ሊስብ አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ እ.ኤ.አ. በ1999 በጋራ ባወጡት መግለጫ እስከ 2003 መጨረሻ ድረስ አገሮች ሁሉ ለክትባት ይህን ብቻ እንዲጠቀሙ ጠየቁ። ሠሪው የደከመች ነርስ በሌሊት ልትሳሳት እንደምትችል አስቀድሞ አሰበ፤ ስህተቱን እንዳትሠራው አድርጎም ሠራው።

ወጣቶች ሆይ! ሥራችሁን ሕግም ያውቀዋል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123 ለአዲስ ፈጠራ 15 ዓመት የሚቆይ የባለቤትነት መብት ይሰጣል፤ ለአነስተኛ ፈጠራም የተለየ ምዝገባ አለው። ያው አዋጅ ሰውን የማከሚያ ዘዴን ማንም የግሉ እንዳያደርገው ይከለክላል፤ በዘዴው ውስጥ ለሚያገለግለው መሣሪያ ግን መብት ይፈቅዳል። ስለዚህ ደወሉን ማስመዝገብ ይቻላል፤ ታማሚን ፈሳሽ የመስጠት ዘዴውን ግን ማንም የእኔ ነው አይልም። መሣሪያው በታማሚ ላይ ከመዋሉ በፊት ደግሞ ሌላ በር አለ። የሕክምና መሣሪያን ደህንነት የሚቆጣጠረው በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ነው።

በዲናችንም ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ሕክምና ሳያውቅ ሰውን ያከመ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን የሚያስተምር ሐዲስ አቡ ዳዉድና ሌሎችም ዘግበዋል። መልካም ኒያ ብቻውን የሰውን ሕይወት ለመያዝ አይበቃም።

ታዲያ ማክሰኞ ሌሊት ምን ሆነ? ሣጥኑ ክፍላችን ውስጥ ቀረ። ቤተሰቡ ሌሊቱን በሦስት ሦስት ሰዓት ተከፋፈለው፤ አንድ ሰው ብቻውን እንዲያድር አልተደረገም። ልጁ የደረሰው ተራ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። በየግማሽ ሰዓቱ ጠብታውን ቆጠረ፤ የአያቱን ክንድ አበጠ አላበጠ ብሎ ዳበሰ፤ ቱቦው እንዳልተጣጠፈ አየ፤ ሁሉንም በደብተሩ ጻፈ። አሥር ሰዓት ላይ ጠብታው ሲዘገይ መሽከርከሪያዋን ራሱ አልነካም፤ ነርሷን ጠራ። እርሷም መጥታ አስተካከለችው፤ ደብተሩንም አይታ «ይህን ማን አስተማረህ?» አለችው።

ወላጆች ሆይ! ታማሚ ቤታችሁ ቢኖር ሌሊቱን ለአንድ ልጅ አትጣሉበት፤ ተከፋፈሉት። አስታማሚ የሚያየው አራት ነገር ነው፦ ከረጢቱን፣ ጠብታውን፣ ቱቦውንና ክንዱን። የሚያደርገው ደግሞ አንድ ነው፦ ባለሙያ መጥራት።

አያቱ በአላህ ፈቃድ ድነው ቤታቸው ገብተዋል። ልጁ ግን ሥራውን አልተወም። በደብተሩ አዲስ ገጽ አናት ላይ «ደወሉ ዝም የሚልባቸው ምክንያቶች» ብሎ ጽፎ ከሥሩ እስካሁን ሰባት ዘርዝሯል። ሁለቱን መፍትሔ አግኝቶላቸዋል። ሰባቱም ሲያልቁ ሣጥኑን ለአንድ የባዮሜዲካል መሐንዲስ ልናሳይለት ቃል ገብተናል። እስከዚያው ድረስ ደወሉ የሚጠብቀው የውሃ ላስቲክ ነው።

ወላሁ አዕለም። እስከሚመጣው ወር ድረስ አላህ ጤናችሁን ይጠብቅ፤ ቸር ያሰንብተን።