ፊደል ይቅደም፣ ማሽኑ ይከተል

ሚዛን ተፈሪ ስሟን ደጋግማ ያደሰች ከተማ ናት። ከጎረቤቷ ከአማን ጋር ተጣምራ ሚዛን አማን ተባለች፤ የቤንች ማጂ ዞን ለሁለት ሲከፈል የቤንች ሸኮ ዞን መቀመጫ ሆነች፤ በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ደግሞ ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት እስከ ጤና ጣቢያ በየደጁ የቆመው ታፔላ፣ ቆርቆሮው ሳይዝግና ቀለሙ ሳይደበዝዝ፣ በአንድ ጀምበር አረጀ። ለመሥሪያ ቤቱ ይህ ወጪ ነው፤ ለታፔላ ሠሪው ግን ሲሳይ።

ያ ሲሳይ የማን ይሁን? ሥራው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ተቆርጦ፣ በአውቶቡስ ተጭኖ የሚመለስ ከሆነ ገንዘቡ በሄደበት ይቀራል። እዚሁ እንዲሠራ ከተፈለገ ግን የሚያስፈልገው ፋብሪካ አይደለም፤ ከሻንጣ እምብዛም የማይበልጥ፣ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አንድ የቪኒል መቁረጫ ነው። ቪኒል ያልኩት ሁላችንም “ስቲከር” የምንለውን፣ ጀርባው ሙጫ ያለበትን ቀጭን የፕላስቲክ ንጣፍ ነው፤ የባጃጁን ጥቅስ፣ የፋርማሲውን መስታወት፣ የፎቶ ቤቱን በር ተመልከቱ። ከምረቃ በኋላ ሥራ የሚፈልጉ ተማሪዎች አልፎ አልፎ እየመጡ “ተደራጅተን፣ ብድር ወስደን ማሽኑን ብንገዛ ያዋጣናል ወይ?” ይሉኛል። ሊያዋጣ ይችላል እላቸዋለሁ፤ ማሽኑን በመጀመሪያ ሳይሆን በመጨረሻ ከገዛችሁት።

ምክንያቴን ላስረዳ። ይህ ማሽን መሐንዲሶች ንድፍ ያወጡበት ከነበረው የብዕር ፕሎተር የተወለደ ነው፤ በብዕሩ ቦታ ስለት ተተከለ እንጂ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም። አንዱ ሞተር ንጣፉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይስባል፤ ሌላው ስለቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይነዳል፤ ሁለቱ እንቅስቃሴዎች ሲደመሩ ማንኛውም ጠማማ መስመር ይገኛል። በክፍል ውስጥ የምንማረው የቬክተር ድምር ማለት ይኸው ነው። ብዙዎቹ ማሽኖች ዛሬም የሚረዱት ቋንቋ ሂውሌት ፓካርድ የተባለው ኩባንያ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለፕሎተሮቹ ያወጣውን ነው፤ ዋና ዋና ትእዛዞቹም “ብዕር አንሣ”፣ “ብዕር አውርድ”፣ “ወደዚህ ነጥብ ሂድ” የሚሉ ናቸው፤ የርዝመት መለኪያው 0.025 ሚሊ ሜትር ነው። ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ማሽኑን ካሬ ሊያስቆርጠው ይችላል። እንግዲህ ማሽኑ አይጽፍም፤ አያነብም፤ ውበትና ጉድለትም አይለይም። የተሰጠውን የፊደል ጠርዝ ተከትሎ ይሄዳል። ጠርዙ ካማረ ሥራው ያምራል፤ ካላማረም ያላማረውን በአሥረኛ ሚሊ ሜትር ትክክለኛነት ይቆርጠዋል።

ስለዚህ እኔ አበዳሪ ብሆን ብድሩን አስቀድሜ የምሰጠው ለኮምፒውተር ተመራቂው ሳይሆን ለዓመታት በብሩሽ ታፔላ ሲጽፍ ለኖረው ሰው ነው። እርሱ በሁለት ፊደላት መካከል ምን ያህል ክፍተት እንደሚበቃ በዓይኑ ያውቃል፤ ከመንገድ ማዶ የሚነበበውን ውፍረት ያውቃል፤ በቀይ ላይ ቢጫ እንጂ ጥቁር እንደማይታይም ያውቃል። የታተመ ባነር እየበዛ ሲሄድ ይህ ሰው ብሩሹን ጥሎ ወደ ሌላ ሥራ ቢሄድ የምናጣው ዕውቀት በየትኛውም ሶፍትዌር ውስጥ አይገኝም። ከሁሉ የሚሻለው ተመራቂውና ታፔላ ጸሐፊው ቢጣመሩ ነው፤ አንዱ ፋይሉን፣ ሌላው ፊደሉን ይዞ።

ብቻውን የሚጀምር ተማሪስ? አንድ ሜትር ቪኒል፣ ከተር፣ የብረት ማስመሪያና ወረንጦ ይግዛ። ስሙን በ10 ሴንቲ ሜትር ቁመት በእርሳስ ጽፎ በእጁ ይቁረጥ። ችግሩ ወዲያው ይገለጥለታል። የንጣፉ ውፍረት 0.08 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለቱ እርሱን ቆርጦ ከሥሩ ያለውን ወረቀት ሳይበጣ መቆም አለበት። በማሽኑ ላይ በግራም የሚሞላው የስለት ግፊት ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም፤ እጁ ያላወቀውን ሰው ቁጥሩ አያስተምረውም። ከተቆረጠ በኋላ ትርፉ በወረንጦ ይለቀማል፤ የቀረው ፊደል ማሸጋገሪያ ፕላስተር በላዩ ተለጥፎበት ወደ መስታወቱ ይዛወራል። ሥራው ትልቅ ከሆነ መስታወቱን ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና በገባበት ውኃ ማርጠብ ይበጃል፤ ሙጫው ወዲያው ስለማይዝ ጽሑፉን ለማቃናት ጊዜ ይገኛል። ውኃው ከዚያ በኋላ በአሮጌ የባንክ ካርድ ጠርዝ ከመሃል ወደ ዳር ይገፋል።

ከማሽኑ ክፍሎች ለፊዚክስ ሰው ደስ የሚለው ስለቱ ነው። የሚያዞረው ሞተር የለውም። ጫፉ ከሚዞርበት እምብርት ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ የቀረ ስለሆነ፣ እንደ ቢሮ ወንበር ጎማ፣ የንጣፉ ሰበቃ ራሱ ወደ ጉዞው አቅጣጫ ይመልሰዋል። ይህ ሩብ ሚሊ ሜትር ለማሽኑ በትክክል ካልተነገረው ማዕዘን ሁሉ ይከብበታል፤ ስለዚህ ዋናው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በንጣፉ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ካሬ ቆርጦ ማየት የሙያው ልማድ ነው።

በላቲን ፊደል እንዲህ ያለው ስሕተት መልክ ያበላሻል፤ በእኛ ፊደል ግን ንባብ ይለውጣል። “ቡና” የሚለውን ቃል በ8 ሚሊ ሜትር ቁመት ቁረጡ። ከ“ቡ” ቀኝ እግር የምትወጣው ጭረት 1 ሚሊ ሜትር እንኳ ላትሞላ ትችላለች፤ ትርፉ ሲለቀም እርሷም አብራ ትነሣና “በና” ይቀራል። የ“ቴ” ቀለበት ተቀዶ ከወጣ “ቴፒ” “ተፒ” ትሆናለች። ሰባቱ ቤቶች የሚለያዩት በእነዚህ ትንንሽ አካላት ስለሆነ፣ ለስቲከር የሚመረጠው ፊደል ቀጭኑ ጭረቱ ከ1.5 ሚሊ ሜትር የማያንስ ሊሆን ይገባዋል እላለሁ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከገባ፣ በ2007 ደግሞ ኒያላ የተባለው የፊደል ቅርጽ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አብሮ ከመጣ ወዲህ በኮምፒውተር አማርኛ መጻፍ ቀላል ሆኗል። ይሁን እንጂ ኒያላ ለገጽ ንባብ የተቀረጸ ነው፤ ቀጫጭን ጭረቶቹ ለስለት አይመቹም። በነፃ በሚገኘው ኢንክስኬፕ ጽሑፉን ወደ መስመር ለውጦ ጭረቱን ማወፈር ይቻላል፤ የት ላይ ምን ያህል እንደሚወፍር ለማወቅ ግን እንደገና ወደዚያው ወደ ታፔላ ጸሐፊው ዓይን እንመለሳለን።

ሌላው ፈተና የአየሩ ጠባይ ነው። በሚዛንና በቴፒ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል። የቪኒሉ ጀርባ ወረቀት እርጥበቱን ጠጥቶ ይለጠጣል፤ ማሽኑም አጣምሞ ይስበዋል። ጥቅሉን ከሥራ በኋላ በፕላስቲክ ሸፍኖ ማቆም ይህን ያስቀራል። ፀሐይም የራሷ ጣጣ አላት። ርካሹ ቪኒል በጋሉ ሲሊንደሮች መካከል ተዳምጦ የተሠራ ስለሆነ የተለጠጠበትን ውጥረት በውስጡ ይዞ ይኖራል፤ ሙቀት ሲያገኘው ይኮማተራል። በባጃጅ ላይ ባረጀ ስቲከር ዙሪያ የምታዩት ጥቁር ክፈፍ የተቀባ እንዳይመስላችሁ፤ ንጣፉ ወደ ውስጥ ሲሸሽ የተጋለጠው ሙጫ የያዘው አቧራ ነው። በፈሳሽ መልክ ፈስሶ የሚደርቀው ውዱ ዓይነት ይህ ጠባይ እምብዛም አይታይበትም።

የማር ጀሪካን ጉዳይ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል፤ የሸካና የቤንች ማር ነጋዴ ስም ማውጣት ሲያምረው በመጀመሪያ የሚያስበው ጀሪካኑ ላይ ስቲከር መለጠፍ ነውና። ጀሪካን የሚሠራው ከፖሊኤቲሊን ነው፤ የገጽ ኢነርጂውም በሜትር 31 ሚሊ ኒውተን ገደማ ብቻ ነው። ሙጫ እንዲይዝ በመጀመሪያ በገጹ ላይ ተንጣሎ ሊያረጥበው ይገባል፤ ውኃ በዘይት ቅባት ላይ እንደሚንከባለል ሁሉ ሙጫውም በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ መንጣለል ይሳነዋል። ዛሬ የተለጠፈው ስቲከር ብዙም ሳይቆይ ከጥጉ ይነሣል፤ ደንበኛውም “የማይረባ ዕቃ ሸጠኝ” ይላል። ያው ስቲከር ንጹሕ በሆነ የመስታወት ማሰሮ ላይ ቢለጠፍ ለዓመታት ይቆይ ነበር። ሥራውን ከመቀበል በፊት የዕቃውን ዓይነት መጠየቅ ደንበኛን ከማጣት ያድናል።

መብራት የሚጠፋበትን ጊዜ ደግሞ አስቡ። የርካሽ ማሽኖች ሞተር ስንት እርምጃ እንደተጓዘ ይቆጥራል እንጂ የት እንዳለ አያይም፤ ኃይል ሲቋረጥ ቁጥሩ ይጠፋል፤ በግማሽ የተቆረጠውም ንጣፍ ከነልፋቱ ይጣላል። አነስተኛ የባትሪ መጠባበቂያ ከማሽኑ ጋር አብሮ ይገዛ። ቪኒል ውስጡ ክሎሪን ያለው ፖሊመር መሆኑም አይዘንጋ። በሌዘር ከተቆረጠ ወይም ትርፉ በጓሮ ከተቃጠለ ሃይድሮጂን ክሎራይድ ይለቅቃል፤ ይህ ጋዝ ከሳንባ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሆናል። የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ ከባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ገብቷል፤ በዚያ አጠገብ የሚሠራ ሰው ትርፉን ወደ እሳትም ወደ ወንዝም ሊልከው አይገባም።

ስለ ትርፍና ኪሳራ የማቀርበው ስሌት አንድ ብቻ ነው። አንድ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ሰው 6 በ8 ሴንቲ ሜትር የሆነ 120 ስቲከር አዘዘ እንበል። በ60 ሴንቲ ሜትር ወርድ ላይ 10፣ በአንድ ሜትር ርዝመት ደግሞ 12 ረድፍ ይገባል፤ አንድ ሜትር ንጣፍ በቃ ማለት ነው። ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን የአንዱን ትርፍ ለመልቀም 3 ደቂቃ ቢያስፈልግ ለሁሉም 6 ሰዓት ይፈጃል፤ የንጣፉን ዋጋ ብቻ አስልቶ ዋጋ የተናገረ ጀማሪ የአንድ ቀን ጉልበቱን በነፃ ሰጠ። ብዛት ያለው ሥራ ለማተሚያ ቤት ይተው። የዚህ ማሽን ቦታ አንድ፣ አምስት፣ አሥር በሚታዘዝበት ነው፤ የሱቅ መስታወት፣ የባጃጅ ጎን፣ የቢሮ በር፣ የምረቃ ቲሸርት። (ለቲሸርት በሙቀት የሚጣበቅ ልዩ ንጣፍ አለ፤ ጽሑፉ ተገልብጦ ይቆረጣል።)

ይህን ስናገር “ፊዚክስ የተማረ ሰው ስቲከር ሊቆርጥ ነውን?” የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ለዶክትሬት በተማርኩበት አገር ይኸው ማሽን በቤተ ሙከራችን ጥግ ተቀምጦ ለቀጫጭን ንብርብሮች ጭምብል ይቆረጥበት ነበር፤ ማንም አላፈረበትም። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ኒል ጌርሸንፌልድ ያስጀመራቸውና ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኙት ፋብ ላብ የተባሉ ቤተ ሙከራዎችም ቪኒል መቁረጫን ከመደበኛ መሣሪያዎቻቸው ይቆጥሩታል፤ የመዳብ ንጣፍ እየቆረጡ የኤሌክትሪክ ዑደት ይሠሩበታል። የሳይንስ ፋኩልቲዎች አንድ አንድ መቁረጫ ገዝተው በሳምንት አንድ ቀን ለተማሪውና ለከተማው ታፔላ ጸሐፊ በጋራ ቢከፍቱት ከብዙ ዐውደ ጥናት የተሻለ ውጤት ያገኛሉ ብዬ አምናለሁ።

ወደ ቡናችን ልመለስ። የዚህ ምድር ቡና ለውጭ ገበያ የሚወጣው በ60 ኪሎ ግራም ጆንያ ነው፤ በጆንያ ላይ ደግሞ ስቲከር አይያዝም። የሚሠራው የፊደሉ ቅርጽ የተፈለፈለበት ንጣፍ ነው፤ ንጣፉ በጆንያው ላይ ተጋድሞ ቀለም ይቀባበታል። አንድ ጊዜ የተቆረጠ ንጣፍ ብዙ ጆንያ ይጽፋል፤ የመልቀሙም ድካም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለዚህ ቪኒል አያስፈልግም፤ ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ አሮጌ የራጅ ፊልም ይበቃል፤ ትንሹ ማሽን በአንድ ጊዜ ካልበሳው ሁለት ጊዜ እንዲመላለስበት ማዘዝ ነው። ለአካባቢያችን ከስቲከሩ ይልቅ ይህ ቀዳዳ የሚበልጥ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ግን ፊደሉ አዲስ ጥያቄ ያመጣል። የ“ዐ” ዙሪያ ሲፈለፈል መሃሏ እንደ ደሴት ተነጥሎ ይወድቃል፤ ወድቆ እንዳይቀር ከዳር ጋር የሚያያይዝ ቀጭን ድልድይ ይተውለታል። “ቡና” ደሴት የለውም፤ እንዲሁ ይቆረጣል። “ማር” ግን በ“ማ” ሁለት ደሴቶች አሉት፤ የ“ቴፒ”ም ቀለበት አንዲት ትንሽ ደሴት አላት። የድልድዩ ቦታ ደግሞ እንዲሁ አይመረጥም፤ የ“ዐ”ን ድልድይ በአናቷ ላይ አድርጎ ያሰፋው ሰው “ሀ” ጽፎ ያገኘዋል፤ በጎኗ ቢያደርገው “ዐ”ነቷ ይጠበቃል። “ወ” እና “ቀ” ከዚህ ይከብዳሉ። በ“ፀ” ላይ ድልድዮቹን የት የት እንደምትተክሉ በእርሳስ ንድፉ፤ ከዚያም በአሮጌ የራጅ ፊልም ላይ በከተር ቆርጣችሁ፣ ቀለም ቀብታችሁ፣ ፊደሉን ለማያውቀው ሳይሆን በሩቅ ለሚያነብ ሰው አሳዩት።