ልብም ተልባ ይፈልጋል

ከቃሊቲ ወደ አቃቂ የሚወስደው መንገድ በከባድ መኪና ሲጨናነቅ፣ ደረቱን ጨምድዶ የያዘ የፋብሪካ ሠራተኛ የሚያባክነው ሰዓት የልቡ ጡንቻ የሚሞትበት ሰዓት ነው።

ልብን የሚመግበው የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ መፍትሔው ቶሎ መክፈት ነው። ችግሩ፣ ደሙ ሲመለስም ጉዳት ይዞ መምጣቱ ነው። ኦክስጅን የተራቡት ሴሎች ውስጥ ካልሲየም ይጎርፋል፣ ጎጂ የኦክስጅን ውህዶች ይፈጠራሉ፤ ሊተርፍ የሚችል ጡንቻ ጭምር ይሞታል። ሁለት ወር ግድም የጾመ ሰው በፋሲካ ሌሊት ከዶሮ ወጡ በፊት ተልባ የሚጠጣው ሆዱ እንዳይደነግጥ ነው። ለልብ እንዲህ ያለ ተልባ እስካሁን አልተገኘም።

ፍለጋው ግን ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የውሾችን የልብ ደም ሥር አራት ጊዜ ለ5 ለ5 ደቂቃ እየዘጉ ከፈቱት፤ ከዚያ ለ40 ደቂቃ ሲዘጉት ጉዳቱ እንዲህ ካልተዘጋጁት ውሾች ጉዳት ሩብ ያህል ብቻ ሆነ። ደም ሲመለስ ልብን ይጠብቃል ተብሎ የታሰበው ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት ግን እ.ኤ.አ. በ2015 በ970 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ጥቅም አላሳየም።

እንግዲህ በእጅ ያለው መከላከያ ጊዜ ነው። ደም ሥሩ ተዘግቶ የቆየበት ሰዓት ባጠረ ቁጥር የሚድነው ጡንቻ ይበዛል። የረጋ ደምን የሚያሟሟው መድኃኒትም የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት፣ በተለይ በጣም ቀድሞ ሲሰጥ ነው።

ስለዚህ የአቃቂ ቃሊቲ ጤና ጣቢያዎች የኢሲጂ (የልብ ምርመራ) መሣሪያና ውጤቱን የሚያነብ ባለሙያ ይኑራቸው፤ መድኃኒቱም እንደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ባለ ቅርብ ሆስፒታል ሁሌም ይገኝ። ፋብሪካዎችም የአምቡላንስ መጥሪያውን ቁጥር 907ን በየማሽኑ አጠገብ ይለጥፉ።