ልጅ እግር አባት፦ የሸሸ ወይስ የተባረረ?

በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ ወይም በአንጋጫ አንዲት ተማሪ ሳታስበው ባረገዘች ጊዜ የእርሷ ስም በሰፈሩ ሁሉ ሲነሣ፣ ያስረገዛት ልጅ ስም ግን በሹክሹክታ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ይረሳል። ከዚህ በታች ሁለት ጸሐፍት ልጅ እግር አባት፣ ማለትም ሕፃኑ ሲወለድ ገና 20 ዓመት ያልሞላው አባት፣ ያልታሰበ ልጁን ለማሳደግ ይቆያል ወይስ አይቆይም በሚለው ጥያቄ ላይ ይከራከራሉ።

የመጀመሪያው ጸሐፊ፦ አይቆይም

አስቀድሞ ጥያቄው ማንን እንደሚመለከት መለየት ይገባል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 13 በመቶው ወልደዋል ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘዋል፤ ሆኖም በዚሁ ጥናት ሴቶች በመጀመሪያ የሚያገቡበት መካከለኛ ዕድሜ 17.1፣ የወንዶቹ ደግሞ 23.7 ዓመት በመሆኑ፣ ከእነዚህ ሕፃናት የብዙዎቹ አባቶች ትዳር የያዙ ጎልማሶች እንደሆኑ መገመት አያስቸግርም። ሙግቱ እንግዲህ በቀሩት፣ መሬትም ደመወዝም ሳይኖራቸው ገና በአባታቸው ማዕድ በሚኖሩ የክፍል ጓደኞች ላይ ነው።

እነዚህን ልጆች እንዳይቆዩ የሚያደርጋቸው የጠባይ ክፋት ሳይሆን የመንገዱ መከፈት ነው። ከሃዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደረገው ፍልሰት ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ እየሰፋ በመሄዱ፣ በሞያሌ ወጥቶ ኬንያንና ታንዛንያን አቋርጦ የሚወርደው የደላላ መንገድ ለብዙ ወጣት ሆሳዕና ካለው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ደጅ ይልቅ የቀረበ መስሎ ይታያል። ቤተሰብ ከብት ሸጦና ተበድሮ ልጁን ሲልክ ድርጊቱ ለቤቱ የተከፈለ መሥዋዕት ተደርጎ ስለሚታይ፣ ያረገዘችውን ልጅ ትቶ የሄደው ጎረምሳ ሽሽቱ በስደቱ ክብር ይሸፈንለታል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ አውራጃ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ የተነገረላቸው 64 ሰዎች በጭነት ኮንቴይነር ውስጥ ሞተው መገኘታቸው እንደሚያስታውሰው፣ የሄደ ሁሉ አይደርስም፤ የደረሰው የሚልከው ገንዘብም በመጀመሪያ የሚገባው በወላጆቹ እጅ ስለሆነ ቤት ይሠራበታል፣ ታናሽ ወንድም ይላክበታል፣ ኋላም ቤተሰቡ መርጦ የሚልክለት ሙሽራ ትመጣበታለች።

ሕጉም ለዝምታ ቦታ ትቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ሕፃን በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት እንዳለው ቢደነግግም፣ መብቱ በተግባር የሚጸናው አባትነት ሲረጋገጥ ነው፤ ይህም የሚሆነው አባት ነኝ የሚለው ሰው በጽሑፍ ሲያረጋግጥ፣ ሕጉ «ልጅነትን መቀበል» የሚለው ማለት ነው፣ አለዚያም ፍርድ ቤት ሲወስን ነው። ለክልሎች የቤተሰብ ሕግ አርአያ የሆነው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ለፍርድ ቤቱ ውሳኔ ምክንያት አድርጎ ከሚዘረዝራቸው መካከል አባትነትን በግልጽ የሚያሳይ ጽሑፍና የወላጆቹ አብሮ መኖር ይገኛሉ፤ ሁለት ተማሪዎች ከትምህርት መልስ የተገናኙበት ፍቅር ግን ከእነዚህ አንዱንም አይተውም። በሌላው ዓለምም ቢሆን ከ1998 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ 20 ከተሞች የተወለዱ 5,000 ያህል ሕፃናትን የተከታተለው ታዋቂ ጥናት፣ ካልተጋቡ ወላጆች ከ10 ስምንቱ ሕፃኑ በተወለደበት ጊዜ በፍቅር እንደነበሩ፣ ከዓመታት በኋላ ግን የብዙዎቹ አባቶች ጉብኝት እየሳሳ እንደሄደ አሳይቷል።

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ ይቆያል፣ ካልተባረረ

የመጀመሪያው ጸሐፊ የቆጠረው መሄዱን ነው፤ ከመሄዱ በፊት የሆነውን አልቆጠረም። ሆድ ሳይገፋ ልጅቱ ወደ ሌላ ከተማ ዘመድ ዘንድ ትላካለች፤ ወንድሞቿ ልጁን ያሳድዳሉ፤ ሽማግሌዎች ቢቀመጡም የሚነጋገሩት በሁለቱ ቤቶች ክብርና ካሣ ላይ እንጂ አባት የሆነው ልጅ ሕፃኑን መቼ ያያል በሚለው ላይ አይደለም። አብዛኛው ሕዝብ የወንጌላውያን አማኝ በሆነበት በዚህ አካባቢ ከጋብቻ በፊት የተገኘ እርግዝና የቤተ ክርስቲያን ዲሲፕሊንን፣ ማለትም ከጌታ እራትና ከአገልግሎት መታገድን ሊያስከትል ስለሚችል፣ በመዘምራን መካከል የቆመው ልጅ «እኔ ነኝ» ቢል የሚያጣው ብዙ ነው፤ ዝም ቢል የሚያጣው ነገር የለም፤ ልጅቱ ግን ለመደበቅ እንኳ ዕድል የላትም።

ከሁሉ የሚከብደው የወንጀል ሕጉ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 626፣ ዕድሜዋ ከ13 ዓመት በላይ ሆኖ 18 ካልሞላት ልጃገረድ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት ያደረገ ወንድ ከ3 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል፤ 15 ዓመት የሞላው ወንድ ልጅም፣ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ቢችልም፣ በዚሁ ሕግ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ በአንዱ መሥሪያ ቤት አባትነቱን የሚያጸድቅለት ፊርማ በሌላው መሥሪያ ቤት የእምነት ቃል ሊሆንበት ነው። በጋብቻ ልታረቅ ቢልም 18 ዓመት ካልሞላው ሕጉ በመርህ ደረጃ አያጋባውም፤ ከዚህ በኋላ ሞያሌን ቢያስብ ምን ያስደንቃል?

ስደተኛው የሚሄድበት አገር ራሱ ለዚህ ክርክር ትምህርት አለው። ሻርሊን ስዋርትዝና አርቪን ባና በኬፕታውንና በደርባን ድሃ ሰፈሮች 27 ወጣት አባቶችን አነጋግረው በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት «ቲንኤጅ ታታ» በተሰኘው መጽሐፍ፣ ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ለልጆቻቸው ኃላፊነት የሚሰማቸው እንደነበሩና ያራቃቸው ድህነትና የልጅቱ ቤተሰብ እምቢታ እንደሆነ ተገልጿል። በዚያ አገር ኢንህላውሎ የሚባል ልማድ አለ፤ ያስረገዘው ልጅ ቤተሰብ ለልጅቱ ቤተሰብ ካሣ ከፍሎ አባትነቱን የሚያሳውቅበት ሥርዓት ሲሆን፣ ለከፈለ በር ይከፍታል፣ መክፈል ላቃተው ግን ሕፃኑን እንዳያይ ይዘጋበታል። የሽማግሌዎች ካሣም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ልማድ ደግሞ ይለወጣል። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ከእኅታቸው ጋር በ1997 እ.ኤ.አ. በከምባታ የመሠረቱት ኬኤምጂ የተባለ ድርጅት፣ አይነኬ ይመስሉ የነበሩትን የሴት ልጅ ግርዛትንና ጠለፋን የተጋፈጠው በማኅበረሰብ ውይይት፣ ማለትም ሽማግሌው፣ ጎረምሳውና ሴቶቹ በአንድ ተቀምጠው በሚመክሩበት ዘዴ ነበር። ግርዛትን ያነጋገረ ጉባኤ በሆሳዕናው ጎፈር ሜዳ ባጃጅ እየነዳ በእናቱ በኩል የወተት ገንዘብ በስውር የሚልከውን ልጅ በአደባባይ ማነጋገር አያቅተውም።

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

ማባረሩ መኖሩ አይካድም፤ ነገር ግን በስውር የተላከ የወተት ገንዘብም ሆነ በየዓመቱ በያሆዴ፣ በሃዲያ የዘመን መለወጫ በዓል፣ ልብስ ይዞ ብቅ ማለት አባትነት ተብሎ ከተቆጠረ መስፈርቱ እጅግ ዝቅ ብሏል። አንቀጽ 626ም ተማሪዋን ከመምህሩና ከነጋዴው የሚጠብቅ በመሆኑ ለክፍል ጓደኛ ሲባል ሊላላ አይገባም። የሚሻለው በቤተሰብ ሕጉ የቀለብ፣ ማለትም የመተዳደሪያ፣ ግዴታ ወላጆችን ብቻ ሳይሆን አያቶችንም እንደሚጨምር ማስታወስ ነው፤ አባትነት ከተረጋገጠ፣ ልጁን ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመላክ የሚሸጠው ከብት ቀድሞ ለልጅ ልጁ ቀለብ ይውላል።

የሁለተኛው ጸሐፊ መልስ

የተባለው ሁሉ «ከተረጋገጠ» በሚለው ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው። አያቱ ከፋይ መሆኑን ያወቀ ቤተሰብ፣ ልጁ ራሱ ሊያምን ቢፈልግ እንኳ፣ በጓዳ ጠርቶ «አላውቃትም በል» ብሎ የሚመክረው ያን ጊዜ ነው።