ኮሜርስና መርካቶ፦ የማይተዋወቁ ጎረቤታሞች

ከራጉኤል ተነስቶ በተክለ ሃይማኖት በኩል ወደ ሰንጋ ተራ ለወረደ ሰው ኮሜርስ ሩቅ አይደለም፤ በእግር ይደረሳል። አገሪቱ ዘመናዊ የንግድ ሥራ ያስተማረችበት አንጋፋ ተቋምና አገሪቱ የምትነግድበት ትልቁ ገበያ ጎረቤታሞች ናቸው። ግን ይተዋወቃሉ? እኔ እምብዛም ነው የምለው።

ኮሜርስ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ሆኖ የተከፈተው በ1935 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ከወጣ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክም በዚያው ዓመት ሥራ ጀመረ። ሒሳብ የሚይዝ፣ ታይፕ የሚመታ፣ ፋይል የሚያደራጅ ሰው ይፈለግ ነበር፤ ኮሜርስም ያንን ሰው አወጣ። ስሙን የተከለው በሕንፃ ሳይሆን የጊዜውን ጥያቄ በመመለሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አድጓል። ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ፣ ከዲግሪ ወደ ማስተርስ ተሻግሯል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካልም ሆኗል። የንግድ ትምህርትም በየሰፈሩ ተስፋፍቷል፤ አካውንቲንግና ማኔጅመንት የማያስተምር የግል ኮሌጅ ማግኘት ይከብዳል። ግን በ2015 ዓ.ም. በሁሉም የትምህርት መስኮች የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና ሲሰጥ ከ150 ሺህ በላይ ተፈታኞች ውስጥ ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከግል ተቋማት ደግሞ 17 በመቶ ገደማ ብቻ። ወረቀት በዛ ማለት ዕውቀት በዛ ማለት አይደለም።

ወደ መርካቶ እንመለስ። በ2017 ዓ.ም. በደረሰኝ ቁጥጥር ምክንያት ሱቆች ሲዘጉ ሁላችንም አይተናል። መንግሥት «ያለ ደረሰኝ አትሽጡ» አለ። ቸርቻሪው «አከፋፋዩ ሳይሰጠኝ እኔ ከየት ላምጣ?» አለ። ሁለቱም ነጥብ ነበራቸው። ሰንሰለቱ የት ላይ እንደሚበጠስ አጥንቶ የሚያስረዳ የንግድ ትምህርት ቤት ድምፅ ግን እኔ አልሰማሁም።

«ነጋዴው ሒሳቡን ለማንም አያሳይም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ደብተር ይዞ የመጣ ሁሉ ግብር ሰብሳቢ ይመስለዋል። እምነት የሚገኘው ግን መጠይቅ በማስሞላት ሳይሆን አስቀድሞ በመጥቀም ነው። የሕግ ትምህርት ቤቶች ለአቅመ ደካሞች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። የንግድ ትምህርት ቤት በመርካቶ አንድ ክፍል ከፍቶ፣ ተመራቂ ተማሪዎቹ በመምህር እየታገዙ ለአነስተኛ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ቢያሳዩ ምን ይከለክላቸዋል? ተማሪውም ዱቤን፣ እቁብን፣ የደላላን ሥራና በቃል ብቻ የሚጸና ውልን ከምንጩ ይማራል።

ሃርቫርድ ስሙን ያገነነው ከነጋዴው ችግር የመማሪያ ጽሑፍ እየሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ያወጣው የመጀመሪያው ስለ አንድ ጫማ አምራች ነበር። ጫማ ሠሪ ከሆነ በመርካቶ ሞልቷል።

ጊዜው አይጠብቅም። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የባንክ ዘርፉ ለውጭ ባንኮች በሕግ ተከፈተ፤ በጥር የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያው ተመረቀ። እዚያ በር ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው የተጣራ ሒሳብ ነው። ሠላሳ ዓመት የነገደ ሰው መዝገብ ስለሌለው ብቻ ከበሩ ሊመለስ ነው።

በ1935 ዓ.ም. ጥያቄው ከመሥሪያ ቤት መጣ፤ ኮሜርስ መለሰ። የዛሬው ጥያቄ ከጎረቤት ነው የመጣው። ማን ይመልሰው?