ክረምት ሳይገባ ሽቦአችንን እንይ



ኤሌክትሪክ የቤታችን አገልጋይ ከሆነ ቆይቷል። እንጀራው የሚጋገረው፣ እህሉ የሚፈጨው፣ ብረቱ የሚበየደው፣ በዚህ በከሚሴ ሙቀት የምንጠጣው ውኃ የሚቀዘቅዘው በሱ ነው። መብራት የሄደ ቀን ምን ያህል እንደምንቸገር ለማንም መንገር አያሻም። ይሁን እንጂ ይኸው አገልጋይ ወደ ሰው ገላ የገባ እንደሆነ ምን እንደሚያደርግ ብዙዎቻችን በውል አላሰብንበትም። ባለፈው ክረምት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የተሳበ ሽቦ ተልጦ በቆርቆሮ አጥር ላይ ዐርፎ፣ አጥሩን የነካች ፍየል እዚያው መሞቷን እናስታውሳለን። በዚያ አጥር ሥር ልጆች ሲጫወቱ ይውላሉ። ስለዚህ ነገሩ በፍየል አልፏል ብለን ዝም ማለት አይገባንም።

ኮረንቲ ሰውን የሚጎዳው እንዴት ነው? የሰው ገላ ራሱ የሚሠራው በጥቂት ኤሌክትሪክ ነው። ልብ የሚመታውና ጡንቻ የሚንቀሳቀሰው ከውስጥ በሚመነጭ በጣም ደካማ ኮረንቲ ነው። ሐኪሞች ደረት ላይ ገመድ ለጥፈው የልብን አመታት በወረቀት የሚያነቡትም ይህንኑ ነው። የዚህን መሣሪያ ሥራ ያቃናው የሆላንዱ ሐኪም ዊለም አይንትሆቨን በ1924 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። እንዲያውም አመታቱ የተዛባን ልብ፣ በሐኪም እጅ በተለካ የኮረንቲ ምት ወደ ደንቡ መመለስ ይቻላል።

ከሶኬት የሚመጣው ግን ያልተለካ ነው። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ሲሆን በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። አንድ አምፔር ለሺህ ቢካፈል አንዱ እጅ ሚሊ አምፔር ይባላል። 1 ሚሊ አምፔር ያህል ሲያልፍብን ነዘረን እንላለን። ከ10 ሲበልጥ ጡንቻ ይኮማተርና እጅ የጨበጠውን ሽቦ መልቀቅ ያቅተዋል፤ «ኮረንቲ ያዘው» የሚባለው ይኸው ነው። ወደ 30 ሲደርስ መተንፈስ ያስቸግራል። ከ50 እስከ 100 ሲሆን ደግሞ ልብ በሴኮንዶች ውስጥ መምታቱን ትቶ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ደም መርጨት ያቆማል። ባለ 60 ዋት አምፑል የሚወስደው ወደ 270 ሚሊ አምፔር ነው። እንግዲህ ሰውን የሚገድለው ኮረንቲ አንድ አምፑል ከሚያበራው ያነሰ መሆኑን ልብ እንበል።

ደረቅ ቆዳ ኮረንቲን በመጠኑ ይከላከላል፤ የረጠበ ቆዳ ግን መንገድ ይከፍትለታል። በኛ ቆላ ገላ ከላብ አይለይም። በዚህ ላይ ባዶ እግር፣ የራሰ ወለልና ሊጥ የነካ እጅ ሲጨመሩ አደጋው ይብሳል።

«ብሬከር አለን፣ ምን ችግር አለው?» የሚሉ አሉ። ባለ 10 አምፔር ብሬከር 10,000 ሚሊ አምፔር እስኪያልፍ ዝም ይላል። የሚጠብቀው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው እንጂ ሰውን አይደለም። ሰውን የሚጠብቀው በትክክል የተቀበረ የመሬት ሽቦና፣ ኮረንቲ ሲያፈተልክ በ30 ሚሊ አምፔር በቅጽበት የሚያጠፋው ልዩ ብሬከር ነው። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ወፍራም ሽቦ ጠምዝዞ መተካትማ ቤቱን ለእሳት መስጠት ነው።

ዋናው ችግራችን ግን ከአንድ ቆጣሪ ለሁለትና ለሦስት ቤት የሚሳበው ሽቦ ነው። ጎረቤቱ በጨለማ እንዳያድር ያካፈለ ሰው ያደረገው ለደግ ነው። ሆኖም ሽቦው ቀጭን፣ በየቦታው የተቀጠለ፣ መቀጠያውም በፌስታል የተጠቀለለ ነው። ዘላቂው መፍትሔ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ቆጣሪ ማስገባቱ ነው። የአገራችን ኃይል በ1952 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው ከቆቃ 43 ሜጋ ዋት ተነሥቶ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ደርሷል። ከቆጣሪው ወዲህ ያለችው ጥቂት ሜትር ሽቦ ግን የኛው ኃላፊነት ናት።

ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተለውን ያሳስባል።

1ኛ/ እስከ ግንቦት መጨረሻ የማኅበሩ ኮሚቴ ከባለሙያ ጋር ቤት ለቤት እየዞረ ሽቦ ያያል። በር እንድትከፍቱለት እንጠይቃለን፤ የሚመጣው ለማየት እንጂ ለመክሰስ አይደለም።

2ኛ/ በቆርቆሮ ወይም በአጥር ላይ ያረፈ ሽቦ ሁሉ ሰኔ ግም ሳይል ይነሣ። ዐቅም ለሌላቸው፣ በተለይም ለብቻቸው ለሚኖሩ እናቶች፣ ከወርሃዊው መዋጮ እንዲታገዙ ለጠቅላላ ስብሰባው ሐሳብ እናቀርባለን።

3ኛ/ የመንገድ ሽቦ ወድቆ ያየ ሰው ቢያንስ 10 ሜትር ርቆ ሌላውን ያስጠንቅቅ፤ ለመብራት ኃይልም ያመልክት። ከብትም አይጠጋ፤ የፊትና የኋላ እግሩ ስለሚራራቅ በመሬት የሚሄደው ኮረንቲ ከሰው ይልቅ ይጎዳዋል።

ሰው በቤት ውስጥ ኮረንቲ ቢይዘው በእጃችሁ አትንኩት። አስቀድማችሁ ከቆጣሪው አጥፉ፤ ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት አላቁት። አፈር ማልበስም ሆነ ውኃ ማርከፍከፍ አይጠቅምም። እስትንፋሱ ከጠፋ በጀርባው አስተኝታችሁ የደረቱን መሐል በሁለት እጅ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እየገባ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ፤ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስም አታቋርጡ። የተረፈ ሰው ቢሆንም ይታይ፤ ቃጠሎው ከውስጥ ሊሆን ይችላልና።

ይህን ያነበባችሁ ላላነበበው ንገሩ፤ አማርኛ ለማይቀናቸው እናቶችና አባቶችም በኦሮምኛ አስረዱልን። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዛሬ አንድ ሜትር ሽቦ መቀየር ነገ ለቅሶ ከመቀመጥ ይሻላል።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት