ስያሜን የተከተለ ሕግ፦ የአደገኛ ቆሻሻ ዝውውርና የፕሮቦ ኮዋላ ትምህርት

ስለ አደገኛ ቆሻሻ ሕገ ወጥ ዝውውር የሚደረጉ ውይይቶች በአብዛኛው የሚያተኩሩት በቅጣት ማነስ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ከቅጣቱ መላላት አስቀድሞ ለዝውውሩ በር የሚከፍተው ሕጉ «ቆሻሻ» ለሚለው ቃል የሚሰጠው ትርጉም ነው።

ትራፊጉራ የተባለው ኩባንያ የተከራያት ፕሮቦ ኮዋላ መርከብ ለዚህ ማሳያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 በመርከቧ ላይ ድኝ የበዛበት የነዳጅ ውጤት በኮስቲክ ሶዳ ታጠበ። ዝቃጩን አምስተርዳም ላይ ለማራገፍ ሲሞከር ሽታው ጥርጣሬ በማስነሣቱ የማስወገጃው ዋጋ ናረ፤ ዝቃጩም ተመልሶ ተጫነ። በነሐሴ ወር አቢጃን ውስጥ ገና ፈቃድ ያገኘ ድርጅት በርካሽ ተረክቦ በከተማዋ ልዩ ልዩ ስፍራዎች ደፋው። ከ100,000 በላይ ሰዎች ሕክምና ፈለጉ፤ ባለሥልጣናቱም ቢያንስ 15 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቁ።

የባዝል ስምምነት ከመርከብ መደበኛ ሥራ የሚመነጭንና በሌላ ዓለም አቀፍ ሰነድ የሚሸፈንን ቆሻሻ ከተፈጻሚነቱ ወሰን ያስወጣል፤ ይህም በማርፖል ስምምነት ይሸፈናል። ስለዚህ ያው ፈሳሽ «የመርከብ እጣቢ» ሲባል ለአንዱ ሕግ፣ «አደገኛ ቆሻሻ» ሲባል ለሌላው ይገዛል። ስያሜውን በቅድሚያ የሚሰጠው ደግሞ ጫኙ ራሱ ነው።

ቅጣቱም እኩል አልተከፋፈለም። በ2008 የአቢጃኑ ድርጅት ኃላፊ 20 ዓመት እሥራት ተፈረደበት። ኩባንያው ኃላፊነትን ሳይቀበል ከኮት ዲቯር መንግሥት ጋር በገንዘብ ተስማማ፤ በ2010 የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት 1 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። ከባዱ በትር ያረፈው በመጨረሻው እጅ ላይ ነው። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ኮት ዲቯር የዜጎቿን መብት መጣሷን የወሰነው ከ17 ዓመታት በኋላ፣ በ2023 ነበር።

በባሕር ጉዞ ላይ እንዲህ ያለ የማምረት ሥራ ከ2014 ጀምሮ ተከልክሏል። የስያሜው ክፍተት ግን አልተደፈነም፤ የማይሠራ ኤሌክትሮኒክስ ዛሬም «ያገለገለ ዕቃ» ተብሎ ሊጫን ይችላል። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የባማኮ ስምምነት አደገኛ ቆሻሻ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ቢከለክልም፣ ክልከላው የሚሠራው በጉምሩክ ሰነዱ ላይ የሰፈረው ስም እውነት እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው።

መፍትሔው የማስረዳት ሸክሙን ማዞር ነው። ጭነቱ ቆሻሻ አለመሆኑን ላኪው ከመነሻው ወደብ በምርመራ ውጤት ያረጋግጥ፤ መቀጮውም ከዳነው የማስወገጃ ወጪ በላይ ይሁን። ይህ እስካልሆነ ድረስ ሕግን መጣስ ከማክበር የረከሰ ንግድ ሆኖ ይቀጥላል።