ቃልና ሙያ

የውጭ አገር ቋንቋ ለማወቅ የቃላትን ዝርዝር በቃል ማጥናት ይበቃል የሚሉ አሉ። ይህ አስተያየት ግን የተሟላ አይደለም።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ለትምህርት ወደ ኩባ ተልከው ነበር። ከእነርሱም ብዙዎቹ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ነበሩ። በወጣቶች ደሴት ግማሹን ቀን በክፍል፣ ግማሹን ቀን በፍራፍሬ እርሻ ያሳልፉ ስለ ነበር የእስፓኝን ቋንቋ ከመጽሐፍም ከሥራም ቀሰሙ።

የዚህ ቋንቋ የሙያ ቃላት ሥርዓት አላቸው። «ፓን» ዳቦ ነው፤ «ፓናዴሮ» ዳቦ ጋጋሪ። «ሳፓቶ» ጫማ ነው፤ «ሳፓቴሮ» ጫማ ሰፊ። ባለሙያዋ ሴት ስትሆን የቃሉ መድረሻ ይለወጣል፤ ወንዱ ነርስ «ኤንፈርሜሮ»፣ ሴቷ «ኤንፈርሜራ» ይባላሉ። ይህን ያስተዋለ ተማሪ አንዱን ቃል ሲያውቅ ብዙ ጊዜ ሌላውን ራሱ ይደርስበታል።

እርግጥ በቃል ማጥናት ጨርሶ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም በእጅ ያልተያዘ መሣሪያ ስሙ ቶሎ ይረሳል። ትእዛዝ ያልገባው ሠራተኛም ሙያ እያለው ሙያ ቢስ ይመስላል። ስለዚህ ቋንቋና ሙያ ጎን ለጎን ሊሰጡ ይገባል።